የተከሳሾች አግዳሚ

ሰዎች ማልታ ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር። ግን ከወጣትነቷ ጀምሮ አሸዋና ሲሚንቶ ስታቦካ የኖረች ሴት ናት፤ ግንበኛ ሁሉ እላይ ተሰቅሎ "ማልታ!" እያለ ሲጮኽ እሷ "አቤት" ማለት ለመደች፣ ስሙም በዚያው ቀረ። አልከፋትም። "ምን አለበት፣ ቢያንስ ድንጋይ ከድንጋይ አፋቅራለሁ" ትል ነበር። የጸሎት ቤቱ አዲስ አዳራሽ ግድግዳ ተንዶ ዘበኛውን ከገደለ ወዲህ ግን ይቺ ቀልድ ከአፏ ወጥታ አታውቅም።

ዘበኛው ምን አጠፋ? ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታበት ወንበሩን ግድግዳው ጥላ ሥር አስጠጋ፤ በቃ፣ ጥፋቱ ይኸው ነው። በማግስቱ ፖሊሶች መጥተው ግንበኛውን ወሰዱት። ግንበኛው የማልታ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር፤ እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው፣ እሷ ናት የግንበኛ ማንኪያ ያስጨበጠችው። ሕጉ ደግሞ አጭር ነው፤ ግድግዳ ወድቆ ሰው ከገደለ የገነባው ይታሰራል። ሚስትና ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ጎልማሳነቱን እስር ቤት ሊጨርስ ነው።

ግድግዳው ለምን እንደወደቀ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ ማልታ ናት። ሌላው የጸሎት ቤቱ መምህር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምረቃው ቀን ተቆርጦ፣ ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ተጠርተው ሳለ ሲሚንቶ አለቀ። የሚቀጥለው ጭነት መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። መምህሩ ቀሚሳቸውን ከጭቃው ሰብሰብ አድርገው እሷ ወደምታቦካበት መጡና "ልጄ፣ ያለውን አብቃቂው፤ አሸዋውን ጨመር አድርጊበት" አሏት።

"አባቴ፣ ይሄ ከዚህ በላይ አሸዋ አይችልም። ግድግዳው አይዝም።"

"የማንን ቤት ነው የምትሠሪው?"

"የፈጣሪን።"

"እንግዲያው ባለቤቱ ይይዘዋል። ለግንበኞቹ አትንገሪያቸው፤ እምነታቸው ደካማ ነው፣ ይደነግጣሉ።"

እሺ አለች። ምን ትበል? በዚያ ከተማ ለመምህሩ እምቢ ማለት አልተፈጠረም። ልጅ ሲዳር እሳቸው፣ ወንድማማች ሲጣላ እሳቸው፣ የሰፈር ቧንቧ የት ይቆፈር ሲባል እንኳ እሳቸው። ፍርድ ቤቱም ቢሆን በአያታቸው ጊዜ በጸሎት ቤቱ ጓሮ የተወለደ ነው፤ ኋላ የራሱን ቤት ሲያገኝ ሕጉንም የሚማልበትን መጽሐፍም አግዳሚውንም ተሸክሞ ወጣ። እዚያ የሚሰበከው እዚህ ይፈረዳል። "ያዘዘ እንዳደረገ ይቆጠራል" የሚለው የመምህሩ የዘወትር ስብከት ፍርድ ቤቱም ውስጥ ሕግ ነው።

የዚያን ቀን ወንድሟ ማንኪያውን ማልታው ውስጥ ነክሮ አገላበጠና ፊቱን አጨማደደ። "እትዬ፣ ይቺ ማልታ ዛሬ ልብ የላትም።"

"አሸዋው ደቃቅ ሆኖ ነው። ይልቅ ሥራህን ሥራ" አለችው።

ሌላ ሰው ቢነግረው አይቀበልም ነበር፤ እሷ ስላለችው ተቀበለ። እሷ መምህሩን ሰማች፣ እሱ እሷን ሰማ። ከሳምንታት በኋላ ግድግዳው ተናደ።

ወንድሟ በታሰረ በማግስቱ ማልታ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መምህሩ ዘንድ ሄደች። ክፍላቸው ቀዝቃዛ ነው፤ መጋረጃው ወፍራም፣ ምንጣፉ ወፍራም፣ ድምፅ ሁሉ ታፍኖ ይቀራል። ሲሚንቶ የሰነጣጠቀው እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀችና ቆመች።

"ልናገር ነው፣ አባቴ። ለዳኛው። አስቀድሜ ለእርስዎ ልንገርዎት ብዬ ነው።"

መምህሩ አልተቆጡም። መቆጣት አያውቁም፤ ይኼ ነው ክፋቱ። "ልጄ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ወንድምሽ ወጣት ነው፤ ታስሮ ይወጣል። የጸሎት ቤቱ ስም ግን አንዴ ከወደቀ አይነሳም።"

"ዘበኛውም አልተነሳም።"

"ዝም ማለትም መታዘዝ ነው።"

"ታዝዤ አየሁት። ሰው ሞተበት።"

በዕረፍቱ ቀን ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት መምህሩ ቆመው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፃቸው፣ ማልታ ከማኅበሩ ተለይታለች አሉ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ የጠየቀም የለም። ሕዝቡ "ይሁን" አለ። ማልታ ራሷ እንኳን ከልማድ ብዛት "ይሁን" ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ትዝ ሲላት ዘጋችው።

በዚያ ከተማ የተለየን ሰው ማናገር ክልክል ነው። ሰው ግን ብልሃት አያጣም። መናገር የፈለገ ለዕቃ ይናገራል፣ የተለየው ሰው ደግሞ ይሰማል። ባለሱቁ ሳሙናዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ "አይ ሚዛን፣ ዛሬ ጤናሽ እንዴት ነው?" ይላል ለሚዛኑ። ማልታም "ደህና ነኝ፣ ይመስገን" ትልና ትወጣለች። ጉድ እኮ ነው። እንዲህ እየተነጋገሩም ቢሆን ትእዛዙን የጣሰ አንድ ሰው አልነበረም።

ጎረቤቷ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ ለዶሮዋ ታወራለች። "አንቺ ዶሮ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማሽም? ደግሞስ ምን ልትሠሪ ነው ፍርድ ቤት የምትሄጂው? የተለየ ሰው መጽሐፉን አይነካም፤ መጽሐፉን ያልነካ አይምልም፤ ያልማለ አይመሰክርም። መምህሩ ለምን የለዩሽ ይመስልሻል፣ አንቺ ቂል?"

ዶሮዋ ጥሬዋን ትለቅማለች። ማልታ ግን ልብሷን ከምታጠብበት ቀና አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተለየችው በቁጣ ይመስላት ነበር። ለካ አፏን ሊሸብቡ ኖሯል። መጀመሪያ ፈራች፤ ቀጥሎ ደግሞ ንዴቱ መጣና ፍርሃቱን ጠራርጎ ወሰደላት።

"ንገሪልኝ፣" አለቻት እሷም ለዶሮዋ፣ "ያስወጡኝ እንጂ እኔ አልቀርም።"

ከችሎቱ ቀን በፊት ወንድሟን ልትጠይቅ እስር ቤት ሄደች። በሽቦው ወንፊት በኩል ተያዩ። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። እሱ ማኅበሩ ቢለያትም ባይለያትም ግድ የለውም፤ ሲያያት ፈገግ አለ። ፈገግታውን ሳይጨርስ ነገረችው። አሸዋውን፣ መምህሩን፣ ውሸቷን፣ ሁሉንም።

ፈገግታው ጠፋ። ከዚያ "ዋሽተሽኝ አታውቂም ነበር" አለ።

"አንድ ቀን ዋሸሁህ። ይኸው።"

ሽቦውን በጣቶቹ ያዘው። ተቀይሟል፤ ቢቀየም ይገባዋል። ኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አትናገሪ፣ እትዬ። እኔ አንዴ ገብቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን አትጣይ። አንቺም ከገባሽ ልጆቼን ማን ያያቸዋል?" አላት።

"አባታቸው ያያቸዋል።"

"እትዬ፣ እባክሽ ስሚኝ።"

"አንተ ስማኝ። እሺ በል፣ እሺ በል እያልኩ አሳድጌህ ነው እዚህ ያስገባሁህ። እኔንም እንዲሁ ነው ያሳደጉኝ። ከእንግዲህ ብትፈልግ እሺ አትበለኝ፤ እኔ ግን እናገራለሁ።"

እንዴት እንደምትናገር ግን አታውቅም ነበር። ያለ መጽሐፉ ማን ይሰማታል? ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ለሥራ የማታደርገውን ጫማ አድርጋ ሄደች።

ችሎቱ የሚሰየምበት ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው። ፊት ለፊት ዳኛው፤ በቀኝ በኩል መጽሐፉ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠባት ትንሽ ጠረጴዛ፤ በግራ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የተከሳሾች አግዳሚ። ዳኛው ወጣት ነው። መምህሩ ያስተማሩት፣ መምህሩ የዳሩት፣ ሲያያቸው ጎንበስ ብሎ እጃቸውን የሚስም። ፊት ወንበር ላይ ለመምህሩ ትራስ ተነጥፎላቸዋል፤ የፈረሰው ቤት የእሳቸው ነውና በተበዳይ ወገን ናቸው። ከእሳቸው ኋላ የዘበኛው ሚስት ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ከማልታ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፊቷን አዞረች።

የወንድሟ ጉዳይ ከመድረሱ በፊት ፍየል ሰረቀ የተባለ ሰውዬ ተራ ነበር።

"አልሰረቅኩም፣ ጌታዬ" አለ ሰውዬው ከአግዳሚው ተነስቶ። "ፍየሏ ራሷ ተከትላኝ ነው።"

"በገመድ ታስራ?" አለ ዳኛው።

"ገመዱም ተከትሎን ነው።"

ቤቱ ሳቀ። ማልታም ሳታስበው ከንፈሯ ፈታ አለ። ሰውዬው እንደማያዋጣው ሲያይ፣ "እሺ፣ እውነቱን ልናገር፤ አጎቴ ነው አምጣ ብሎ ያዘዘኝ" አለ።

"አጎትየው ይጠራ" አለ ዳኛው ወዲያው። አጎትየው ከሕዝቡ መሀል እያጉረመረመ ተነስቶ እህል እንደ በዛበት ከረጢት እየተንገዳገደ ሄደና ከእህቱ ልጅ አጠገብ ዘፍ አለ። እሱም ሆነ ሌባው መጽሐፉ አጠገብ አልደረሱም። ቃላቸው ግን ተመዘገበ፤ ፍርዳቸውን እየጠበቁም እዚያው አግዳሚው ላይ ቀሩ።

ማልታ ይቺን ነገር ልብ አለች። በሩ አጠገብ ወደ ቆመው ችሎት አስከባሪ ተጠግታ "እነዚህ ሰዎች ሳይምሉ እንዴት ተናገሩ?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። አስከባሪው ቁልፍ የታጨቀበት ቀበቶ የታጠቀ ሽማግሌ ነው፤ በዕረፍቱ ቀን "ይሁን" ካሉት መሀል ድምፁ ጎልቶ የተሰማው እሱ ነበር። አላያትም። ወደ መስኮቱ ዞረ።

"አንተ መስኮት፣" አለው፣ "ተከሳሽ አይምልም። ነፍሱን ለማዳን መዋሸቱ ስለማይቀር መጽሐፉን እንዳያረክስ ተብሎ በመምህሩ አያት ጊዜ የተደነገገ ነው። ቃሉ ግን ይሰማል። ዳኛውም ዓይን ዓይኑን እያየ መጠየቅ አለበት። አዘዘኝ ያለውም ሰው ይጠራል።" ከዚያ "አይ መስኮት፣ ብርጭቆህ ተሰንጥቋል" ብሎ ሄደ።

ማልታ አግዳሚውን አየችው። የሰው ልብስ ሲፈትገው ኖሮ የሚያብረቀርቅ ተራ ጣውላ ነው። አንዴ እዚያ የተቀመጠ ሰው በገዛ እግሩ ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። አትዋሽም፣ ፈራች። ወንድሟ እጁ በካቴና ታስሮ ሲገባና እዚያው ጣውላ ላይ ሲቀመጥ ስታይ ግን ምርጫ የሚባለው ነገር አለቀላት።

"ግድግዳውን ማን ሠራው?" ጠየቀ ዳኛው።

"እኔ" አለ ወንድሟ።

"ለምን ወደቀ?"

ወንድሟ ወደ እሷ ላለማየት አንገቱን ደፋ። "አላውቅም።"

ያውቃል። ትናንት ነግራዋለች። የማልታ ዓይን እንባ ሞላ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ተነሳች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት፤ ቶሎ ብሎ ሸሸ ማለት ይሻላል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

ዳኛው እሷን አላያትም። እስክሪብቶውን እያየ፣ "አንተ እስክሪብቶ፣ ምስክር ነኝ የሚል ሰው መጽሐፉን ይንካ። የተለየ ሰው ግን አይነካም። ሕጉ ነው" አለ። አስከባሪው በቀዩ ጨርቅ ላይ እጁን ጫነ።

"ምስክር አይደለሁም" አለች ማልታ።

የመጽሐፉን ጠረጴዛ አልፋ፣ ክፍሉን ተሻግራ፣ አግዳሚው ዘንድ ደረሰች። "ጠጋ በል" አለችው ወንድሟን።

"እትዬ፣ ተነሺ" አለ በሹክሹክታ።

"ጠጋ በል አልኩህ።"

የዕድሜ ልክ ልማዱ ነውና ጠጋ አለ። ተቀመጠች።

ዳኛው ግራ ገባው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ እንደገና አስቀመጠ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ዓይኖቿን አያቸው። "ማን ከሰሰዎት?"

"እኔው ራሴ። የዚያን ግድግዳ ማልታ ያቦካሁት እኔ ነኝ። አሸዋ አብዝቼ ሲሚንቶ አሳንሼ አቦካሁት። ወንድሜ ሲጠረጥር አሸዋው ደቃቅ ነው ብዬ ዋሸሁት። ግንቡ የእሱ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ይጻፍልኝ።"

ጸሐፊዋ ዳኛውን አየችው። የተከሳሽ ቃል ነው፤ አይጻፍ ሊል አይችልም። ጻፈች።

"ለምን አደረጉት?"

"ታዝዤ።"

ይኼኔ ዳኛው "ማን አዘዘዎት" ማለት ነበረበት። ፍየል ሰራቂው ሳይጠየቅ እንኳ ነግሮታል። አሁን ግን አልጠየቀም። ወረቀቶቹን ሰበሰበ። መምህሩ ዓይናቸውን ገለጡና ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ "ይቺ ሴት የተለየች ናት። ቃሏ የማኅበር ቃል አይደለም" አሉ።

"ችሎቱ ለሌላ ቀን..." ብሎ ጀመረ ዳኛው።

"በሕግ አምላክ" አለች ማልታ።

አልጮኸችም። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ዳኛው አፉን እንደከፈተ ቆመ። ውኃው ቆመ እንጂ ወደየት እንደሚሄድ ግን ገና አልታወቀም። ያን ጊዜ ከመምህሩ ኋላ ወንበር ተንቋቋና የዘበኛው ሚስት ተነሳች። ወደ መስኮቱ አላየችም፤ ለጠረጴዛውም አልነገረችም። ማልታን ፊት ለፊት አየቻት።

"አንቺ፣" አለች፣ "ባሌን የገደለውን ማልታ እንዲያ አድርገሽ አቡኪ ብሎ ማን አዘዘሽ?"

በዚያ ከተማ ሕግ ሳያስገድደው የተለየን ሰው በሕዝብ ፊት ያናገረ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። የሚሆነውን ለማየት ሁሉም ጠበቀ። ጣሪያው አልወደቀም።

"መምህሩ" አለች ማልታ። "እኔም እሺ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅሽ አልችልም፤ ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። እውነቱን ግን አልደብቅሽም።"

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀችና ቆማ ቀረች። ዳኛው መምህሩን አየ። የዳሩትን እጆች አየ። ዳኛው ምን ይል ይሆን ተብሎ ሲጠበቅ ከአግዳሚው ጥግ የፍየል ሌባው አጎት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጌታዬ፣ እኔስ ተጠርቼ የለም እንዴ?" አለ። "የእኔ እንዲያውም ፍየል ነበረች፤ ያቺም አልሞተች።"

ማንም አልሳቀም። ዳኛው ጆሮው ቀላ። ድምፁ ራሱን እንደማይመስል ሆኖ፣ "ያዘዘ እንዳደረገ ይቆጠራል" አለ። "መምህሩ ይጠሩ። ግንበኛው ካቴናው ይፈታለት፤ ከኋላ ይቀመጥ።"

ወንድሟ ካቴናው ሲፈታለትም አልተነሳም። ማልታ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። "ልጆችህ በር ላይ ናቸው" አለችው። ተነሳ። ሲሄድ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ አለፈ፤ ይቅርታው ይሁን ስንብቱ አልለየላትም፣ ግን ከሁለቱም የሚበቃትን ያህል አገኘች።

መምህሩ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተነሱ። እዚህ ክፍል ውስጥ ተጠርተው የሚያውቁት ለአንድ ነገር፣ ምለው ለመመስከር ብቻ ነው። እግራቸው ራሱ ወደ ለመደው ወደ ቀኙ ጠረጴዛ ወሰዳቸው፤ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ቀዩን ጨርቅ ሊገልጡ ጎንበስ አሉ።

አስከባሪው ቀደማቸው። መጽሐፉን ከነጨርቁ በሁለት እጁ አነሳና ደረቱ ላይ አቀፈው። መስኮቱን አላየም።

"ተከሳሽ አይምልም፣ አባቴ" አለ።

መምህሩ የተዘረጋ እጃቸውን ይዘው ቆሙ። ወደ ፊት ወንበሩ አዩ፤ ትራሳቸው እዚያው ነው፣ መንገዱ ላይ ግን የዘበኛው ሚስት ቆማለች። በክፍሉ ውስጥ የቀረ መቀመጫ አንድ ነበር።

ማልታ ወደ አጎትየው ጠጋ አለች። ወንድሟ የተነሳበትን ቦታ በመዳፏ ጠረግ አደረገችላቸው።

"ይቀመጡ፣ አባቴ" አለቻቸው።